ነፍጥና ደጃፍ

ስለ ነፍጥ የተጻፈው ታሪካችን ባመዛኙ የጦር ሜዳ ታሪክ ነው። እንግሊዞች በመቅደላ ስለ ተኮሱት ሰናድር፣ አባቶቻችን በዐድዋ ስለ ተኮሱት ውጅግራ ስንማር አድገናል። ያ ነፍጥ ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድና ሲመለስ ግን የት አደረ? የማንን እንጀራ በላ? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነፍጥ የመያዝ መብትና ባለቤት «ይህ ነገር ከቤቴ አይግባ» የማለት መብት ሲጋጩ በአገራችን ማን እንደሚረታ ለማወቅ የምንፈልግ ከሆነ ግን መነሻችን እዚያ ነው።

በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በቦረናም ሆነ በሳይንት፣ እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ ልማዱ ከባለቤቱ ጋር ነው። መጪው ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ «ማነው?» እስኪባል ይጠብቃል። ሲገባ «ቤት ለእንቦሳ» ይላል፤ «እንቦሳ እሰሩ» ይባላል። ሳይጠሩት ዘው ብሎ የሚገባ ሰው ነውረኛ ነው።

የጥንቱ ወታደር ግን «ቤቶች!» አይልም ነበር። ስንቅ የሚያቀርብለት መንግሥት ስላልነበረ በየገበሬው ቤት እየተመራ ይሰፍራል። እህሉን፣ ማገዶውን፣ መኝታውን ከባለ ጎጆው ይወስዳል፤ ሴቶቹም ይፈጩለታል። ወሎ ደግሞ የሠራዊት መተላለፊያ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. መቅደላን ሲይዙ፣ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በቦሩ ሜዳ ሲገናኙ፣ በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ዘማች ወረኢሉ ላይ ሲከት፣ ያ ሁሉ ሰው የበላው ከአንድ ሰው ጎተራ ነው። የዚያ ሰው ስም በየትኛውም ዜና መዋዕል የለም።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ከብቱንም ሰውንም ሲጨርስ ይህ አሠራር ሊቀጥል አልቻለም። ከገበሬው ቤት የሚበላ ነገር ጠፋ። ስለዚህ ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 አሥራትን ደነገጉ፤ ገበሬው ከምርቱ ከዐሥር አንዱን ለሠራዊቱ ቀለብ ይሰጣል፣ ወታደሩም ከገበሬው ቤት ይወጣል። በእኔ አስተያየት ይህ አዋጅ ከግብር አዋጅነቱ ይልቅ የደጃፍ አዋጅነቱ ይበልጣል። ነገር ግን ልብ እንበል፦ ባለ ጎጆው ነፍጠኛውን ከቤቱ የማስወጣት መብት በነፃ አልተሰጠውም፤ ገዛው። ዋጋውንም የእርሻ ገቢ ግብር በ1960 ዓ.ም. አሥራትን እስኪተካ ድረስ ትውልድ ተቀባብሎ ሲከፍል ኖረ።

«እንግዲያው ነፍጥ ሁሉ ይጥፋ» የሚል ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በዚያው በ1960 ዓ.ም. ከአባይ ማዶ የጎጃም ገበሬ አዲሱን ግብር ተቃውሞ ሲነሣ መሣሪያውን ይዞ ነው። ለእርሱ ጠመንጃው የርስቱና የደጃፉ ዘበኛ ነበር። ባለ ነፍጡና ባለ ቤቱ ሁልጊዜ ሁለት ሰው አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ገበሬ ሁለቱንም ነው። በራሱ ቤት ነፍጡን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ በሰው ደጅ ግን ያው ነፍጥ ሌላ ትርጉም ይሰጣል።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ የማይደፈር መሆኑን ደንግጓል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን እንኳ ጎጆው የባለ ጎጆው እንደ ሆነ ቀርቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ቤትን ከመበርበር ይጠብቃል፤ መሣሪያ ስለ መያዝ መብት ግን አንድም አንቀጽ የለውም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም መሣሪያ መያዝን የፈቃድ ጉዳይ አድርጎታል። በአሜሪካ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ መሣሪያ መያዝ ከ1791 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕገ መንግሥት የተጻፈ መብት ነው። ስለዚህ የሃዋይ ግዛት በ2023 (እ.ኤ.አ.) «ባለቤቱ ሳይፈቅድ ነፍጥ ይዞ ወደ ግል ይዞታ መግባት ክልክል ነው» ብላ ብትደነግግ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። በእኛ ዘንድ በወረቀት ላይ ባለ ቤቱ ያለ ክርክር ረትቷል።

በወረቀት ላይ! ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሣ የገጠሩ ሰው በሌሊት በሩ ሲንኳኳ የመጣው የማን ወገን እንደ ሆነ ሳያውቅ የከፈተበት ጊዜ አለ። አንቀጽ 13ን ለማን ያነብብለታል? ነፍጥ የሌለው ሰው ነፍጥ የያዘውን «ውጭ አስቀምጠህ ግባ» ሊለው የሚችለው ከኋላው የሚቆምለት ዳኛ፣ የሚያፍሩት ሽማግሌ፣ ወይም ቃሉን የሚጠብቅ መንግሥት ሲኖር ብቻ ነው። የ1892ቱ ገበሬ ከዐሥር አንዱን የሰጠው ለዚህ ነበር፤ ዛሬም ግብር የሚከፍለው ለዚሁ ነው። ከፍሎ ካላገኘ ተበድሏል።

እኛ የታሪክ ተማሪዎች የዘማቹን ስም በቃላችን እንይዛለን። ለዕረፍት አገር ቤት ስንወርድ ግን አያቶቻችንን አንድ ነገር እንጠይቅ፦ በእናንተ ቤት ማን አደረ? ማንስ አስገባው?