የሰብሳቢው ዓይን፦ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ እና የጣና ሥዕል

ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ (1915–2010 እ.ኤ.አ.) በ1950 አዲስ አበባ መጥተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት አደራጁ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1963 ሲመሠረት ሙዝየሙም በእጃቸው ገባ። በዚህ የሚከራከር የለም፤ እንለፈው።

ክርክሬ በ1983 ቪዝባደን ላይ ካሳተሙት ዋና መጽሐፋቸው ጋር ነው። መጽሐፉ ከ13ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን የተሣለውን በርዕሰ ጉዳይ ይመድባል፤ እመቤታችንን ወይም ቅዱስ ጊዮርጊስን ይዞ የውጭ አብነታቸውን ያፈላልጋል። አወዳሾቻቸው ይህን የሊቅነታቸው ፍሬ ይሉታል። እኔ የሰብሳቢነታቸው ፍሬ ነው እላለሁ። ለሙዝየሙ ብዙ ሥዕለ አድኅኖ የተገዛው አዲስ አበባ ከሚገኙ የቅርስ ነጋዴዎች ነው። ነጋዴ ደግሞ የሥዕሉን ደብር አይናገርም፤ ቢናገርስ ማን ያምነዋል? ደብሩም አሠሪውም የጠፋበት ገበታ እጅ ሲገባ የሚቀረው ጥያቄ «ምን ሣለ? ከየት ቀዳ?» ብቻ ነው። በ2000 ሚላኖ ላይ የታተመው የስብስቡ ካታሎግም ከዚህ አላመለጠም።

አሁን በጣና ሐይቅ ደሴት ላይ በሚገኘው በደጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለውን ትልቅ ገበታ እንይ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፤ በግራና በቀኝ መላእክት ቆመዋል። ጽሑፉ የሠዓሊውን የፍሬ ጽዮንን፣ የአበምኔቱን የይስሐቅንና የንጉሡን የዘርዓ ያዕቆብን ስም ይዟል። ሠዓሊ፣ ገዳም፣ ዘመን፦ ሦስቱም ባንድ እንጨት ላይ! ሜሪሊን ሄልድማን በ1994 ስለ ፍሬ ጽዮን መጽሐፍ የጻፉት ይህን ይዘው ነው። (ሴት የማትረግጠውን ደሴት ሠዓሊ በሰፊው ያስተዋወቀችው ሴት ናት፤ ይገርማል።) የኢትዮጵያ ሥዕል ታሪክ መነሻው እንዲህ ያለ ገበታ ሊሆን ይገባ ነበር።

ፍሬ ጽዮንም ከጣሊያን ሥዕል ወስዷል የሚል ይኖራል። ወስዷል፤ መውሰዱ ግን ለማን እንደሣለ አይነግረንም። እያንዳንዱን የሙዝየም ገበታ ሳልመረምር ይህን ማለቴ ጥንቃቄ ይጠይቃል ቢባልም እቀበላለሁ፤ ፍርዴን ግን አይለውጠውም።

ሆይናትስኪ የጣናን ገዳማት ያውቁ ነበር የሚለው መከራከሪያ ይብሳል። እንዲያውም ለእኔ ይመሰክራል። ከማሪዮ ዲ ሳልቮና ከኦስቫልዶ ራይኔሪ ጋር ስለ ደቅ ደሴቷ ናርጋ ሥላሴ መጽሐፍ ያወጡት በ1999፣ መግዛቱና መሰብሰቡ ካበቃ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እዚያ ግድግዳው ላይ አሠሪዋ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታለች፤ ነጋዴ ነቅሎ ሊሸጣት፣ ሙዝየምም ለብቻዋ ሊመዘግባት አይችልም።