የትብብር የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት

የትብብር የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ተናጋሪዎችና አጥኚዎች በፈቃዳቸው የሚጽፉትና የሚያርሙት፣ ማንም በነፃ የሚያነበው የቃላት ስብስብ ነው። በሰፊው የሚታወቀው ዊክሽነሪ በታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን የአማርኛ ክፍልም አለው።

በአማርኛ የትብብር ሥራ ከኢንተርኔት በፊት ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1698 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላት ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ጋር የሠራው ሥራ ፍሬ ነው። ከዚያ በኋላ ከወጡት መዝገበ ቃላት የከሣቴ ብርሃን ተሰማ (1951 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) ከዋነኞቹ መካከል ናቸው።

አንድ ግቤት የቃሉን አጻጻፍ፣ የቃል ክፍል፣ ፍቺ፣ የአገባብ ምሳሌና የድምፅ ቅጂ ሊይዝ ይችላል። ፊደሉ መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ በአማርኛ የድምፅ ቅጂው በተለይ ይጠቅማል፤ «አለ» ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ተብለው የሚጻፉትን የመሳሰሉ ቃላትም በፍለጋ እንዳይለያዩ እርስ በርስ መያያዝ አለባቸው።

እንዲህ ያለው መዝገበ ቃላት የአካባቢ ቃላትንም ሊሰበስብ ይችላል፤ ለምሳሌ በደቡብ ጎንደር በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከገበሬው አነጋገር ሌላ የቤተ ክህነት ሙያ ቃላት አሉ። የጋይንት ቤተልሔም የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ፣ ማስመስከሪያ ነው። በድጓው ፊደል ላይ የሚሰፍሩት ይዘት፣ ደረት፣ ጭረትና ርክርክ የተባሉ ምልክቶች ድምፅን ስለሚመሩ በጽሑፍ ፍቺ ብቻ አይጨበጡም፤ የመምህራኑ ተሳትፎ ያስፈልጋል።

በአማራ ክልል መመዝገቡ ይበልጥ አጣዳፊ የሆነው የቅማንት ሕዝብ ቋንቋ ቅማንትኛ ነው። ቋንቋውን የሚናገሩት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ የቋንቋ ተመራማሪው ዘላለም ልየው ስለ ቋንቋው ያደረገው ጥናት በ2003 እ.ኤ.አ. በጀርመን ታትሟል።