አባ ጎርጎርዮስ ምን ይዘው ሄዱ?

የአምሐራው መካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ከአገራቸው ርቀው ሮም ኖረዋል። በ1649 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እዚያ አገኛቸው። በ1652 ደግሞ ተጋብዘው ጀርመን፣ ጎታ ድረስ ሄዱ። እኚህ ስደተኛ በሰው አገር መምህር የሆኑት በምን መሰላችሁ? ከቤታቸው ይዘውት በወጡት ግዕዝና አማርኛ ነው!

በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀሩ። ያስተማሩት ግን አልሰጠመም፤ ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ።

እዚህ ሳንሱሲ "ቲቸር፣ ውጭ ካልወጣሁ ራሴን አላገኝም" የምትሉኝ ልጆች፣ ሂዱ፤ መንገድ ያስተምራል። ብቻ ባዶ እጃችሁን አትውጡ። ሰው አገር መጀመሪያ የምትጠየቁት ከቤት የያዛችሁትን ነው።