የዳግላስ ቤት የዘር ሐረግ
ዳግላስ በመካከለኛው ዘመን የስኮትላንድን ዙፋን እስከ መገዳደር የደረሰ የመሳፍንት ቤት ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ ዴቪድ ሂዩም የዘሩን ጅማሬ ሾልቶ ለተባለ የ8ኛው ክፍለ ዘመን ጦረኛ ይሰጣል፤ ይህ ግን አፈ ታሪክ ነው። በሰነድ የሚታወቀው የመጀመሪያ አባት፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በርስት ውሎች ላይ ከምስክሮች ጋር ስሙ የሰፈረው ዊልያም ነው። ከእሱ በፊት ያለውን የዘር ሐረግ ለመፈለግ የጋሻ ምልክት ከትውፊት የተሻለ መሪ ነው፤ የዳግላስ ሦስት ኮከቦች መሪ (Murray) ከተባለው የስኮትላንድ መሳፍንት ቤት ኮከቦች ጋር መመሳሰላቸው ዝምድናን ያመለክታል።

በዚህ ቤት ዲቃላነት ሹመት አላስቀረም። የስኮትላንዱን ንጉሥ የሮበርት ብሩስን ልብ ይዞ ሲጓዝ በ1330 እ.ኤ.አ. ስፔን ላይ የወደቀው የሰር ጄምስ ዲቃላ ልጅ፣ አርቺባልድ፣ ሦስተኛው የዳግላስ ኧርል (መስፍን) ሆኗል። የመጀመሪያው ኧርል ዲቃላ ጆርጅም «ቀይ ዳግላስ» የተባለውን የአንገስ ቅርንጫፍ መሠረተ። «ጥቁር ዳግላስ» የተባለው ዋናው ቅርንጫፍ በ1455 እ.ኤ.አ. ርስቱን ተወረሰ፤ የዳግላስ ጌትነትም ለቀዩ ተላለፈ።