ነዳጅ የነካው የጉድጓድ ውሃ፦ የሬድ ሂል ታሪክና የእኛ ጥንቃቄ

በሬዲዮ ያቀረብነው ትምህርት ላልሰሙት እንዲደርስ፣ የሰሙትም እንዲያስታውሱት በጽሑፍ እነሆ ብለናል።

በቅርቡ ቤት ለቤት ስዞር አንዲት እናት ጀሪካናቸውን ከፍተው እንዳሸተው ሰጡኝ። ውሃው ላምባ ላምባ ይላል። «ልጄ፣ ባፈላው አይለቅም?» አሉኝ። «አይለቅም እናቴ» አልኳቸው። ለምን እንደማይለቅና ሽታን ችላ ማለት ምን እንደሚያስከትል የሚያስረዳ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። አገሩ ሩቅ ቢሆንም ትምህርቱ የእኛም ነውና ተከተሉኝ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ከ1940 እስከ 1943 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሃዋይ ደሴቶች በሆኖሉሉ ከተማ አጠገብ 20 ግዙፍ የነዳጅ ታንኮች ሠራ። ከአየር ድብደባ እንዲድኑ ሬድ ሂል በሚባል ኮረብታ ውስጥ ተቀበሩ። እያንዳንዱ ታንክ 47 ሚሊዮን ሊትር ያህል ይይዝ ነበር። ከታንኮቹ ሥር 30 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ግን ሕዝቡ የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነበረ።

በ2014 እ.ኤ.አ. ከአንዱ ታንክ 100,000 ሊትር ያህል ነዳጅ አፈሰሰ። የከተማው የውሃ ቦርድ ይህ ነገር አደጋ አለው እያለ ለዓመታት አስጠነቀቀ። በሜይ 2021 ደግሞ ከ70,000 ሊትር በላይ ነዳጅ ከመስመሩ አምልጦ ወደ እሳት ማጥፊያ ቧንቧ ገባና ለወራት እዚያው ተቀመጠ። ኖቬምበር 20 ቀን ያ ቧንቧ ተመትቶ ተሰበረ። ነዳጁም የመጠጥ ውሃ በሚሳብበት ጉድጓድ አቅራቢያ ፈሰሰ።

ከሳምንት በኋላ ቤተሰቦች «የቧንቧው ውሃ ነዳጅ ይሸታል» ማለት ጀመሩ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥና የቆዳ ሽፍታ የያዛቸው ብዙዎች ነበሩ። ኃላፊዎቹ በመጀመሪያ ውሃው አደገኛ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት የለም አሉ። ሰው ግን አፍንጫውን አምኖ መናገሩን ቀጠለ። ውሃው ሲመረመር ነዳጅ ተገኘበት። ከዚያ የውሃ መስመር 93,000 ያህል ሰዎች ይጠቀሙ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦችም ቤታቸውን ለቀው ሆቴል ገቡ። የከተማው የውሃ ቦርድ ነዳጁ ወደ ራሱ ጉድጓድ እንዳይሳብ በመስጋት ሃላዋ የተባለውን ትልቅ ጉድጓዱን ዘጋ። በማርች 2022 ታንኮቹ እንዲዘጉ ታዘዘ፤ በ2023 መጨረሻም አብዛኛው ነዳጅ ወጣ።

ታዲያ ታንኩ ባዶ ሲሆን ነገሩ አለቀ? አላለቀም። የፈሰሰ ነዳጅ በአፈርና በድንጋይ መካከል ተጣብቆ ይቀራል። ከውሃ ስለሚቀል ከፊሉ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ከፊሉ ይሟሟል፤ የሟሟውም ውሃው ወደሚሄድበት ይሄዳል። ስለዚህ ታንኩ ባለበት ዙሪያና ውሃው በሚፈስበት አቅጣጫ ቀጫጭን የመቆጣጠሪያ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ። ባለሙያዎች የውሃውን ከፍታ ይለካሉ፣ የተንሳፈፈ ነዳጅ መኖሩን ያያሉ፣ ናሙና በጠርሙስ ቀድተው በቅዝቃዜ ወደ ላቦራቶሪ ይልካሉ። ይህንንም እየደጋገሙ ያደርጋሉ። የበሽተኛን ትኩሳት አንድ ጊዜ ለክተን «ድኗል» እንደማንለው ሁሉ፣ አንድ ንጹሕ ናሙናም ጉድጓዱ ድኗል አያሰኝም። ዝናብ ሲመጣና የውሃው ከፍታ ሲለዋወጥ ውጤቱም ይለዋወጣል።

ወደ እኛ እንመለስ። በካምፕ ጀነሬተር አለ፣ ናፍታ በበርሜል ይቀመጣል፣ ላምባም በየቤቱ አለ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ነዳጅ ግን ጀርም አይደለም። ክሎሪንም ሆነ በነጠላ ማጥለል አያወጣውም። ነዳጅ ያለበትን ውሃ እሳት ላይ መጣድ ደግሞ በእንፋሎቱ ይጎዳል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። በነዳጅ ውስጥ የሚገኘው ቤንዚን የተባለው ንጥረ ነገር ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ የደም ካንሰር ያመጣል። ስለዚህ፦

1ኛ. ውሃው ነዳጅ ከሸተተ ወይም ላዩ ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ ቅባት ካያችሁ አትጠጡት፣ አታብስሉበት፣ ሕፃን አትጠቡበት።

2ኛ. ከቦኖው በቀጥታ በንጹሕ ብርጭቆ ቀድታችሁ አሽትቱ። ካልሸተተ ጥፋቱ የጀሪካኑ ሊሆን ይችላል። ከሸተተ ከሌላ ቦኖ ቅዱና በዚያው ቀን ለውሃ ኮሚቴውና ለጤና ጣቢያው ቦታውንና ሰዓቱን ተናገሩ።

3ኛ. ነዳጅ የተያዘበትን ጀሪካን ለውሃ አትጠቀሙ። ፕላስቲኩ ነዳጁን ስለሚመጥ በሳሙና ቢታጠብም አይለቅም።

4ኛ. በጉድጓድ አጠገብ ናፍታ አትገልብጡ፣ የተቃጠለ ዘይትም አትድፉ።

5ኛ. ሽታው ጠፋ ብላችሁ አትዘናጉ፤ የምርመራውን ውጤት ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የእኚያ እናት ጀሪካን ቀድሞ ላምባ የተያዘበት ኖሯል። የቦኖው ውሃ በብርጭቆ ሲቀዳ አልሸተተም፤ ጀሪካኑን ቀየርንላቸው። እሳቸው ግን ባይጠይቁ ኖሮ ያንን ውሃ ለልጅ ልጆቻቸው ያጠጡ ነበር። በሬድ ሂልም አደጋውን በመጀመሪያ ያወቁት የቤት እመቤቶችና አባወራዎች ናቸው። እናንተም «እኔን ማን ይሰማኛል?» ብላችሁ ዝም አትበሉ።