ከመቶ አርባ እጅ፤ በደን ትምህርት ስለሚነገር አንድ ቁጥር ታሪክ

በዩኒቨርሲቲ የደን አያያዝና የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ትምህርት የጀመረ ተማሪ፥ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ዓረፍተ ነገር በደብተሩ ላይ ሳያሰፍር አይቀርም። ይኸውም «በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከኢትዮጵያ ምድር ከመቶ አርባው እጅ በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ ግን ከመቶ ሦስት እጅ እንኳ አይሞላም» የሚለው ነው። እኔ ይህን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን 40፥ 16፥ 3 ብለው በሰሌዳው ላይ ከላይ ወደ ታች ጻፉ፤ እኛም እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃላችን አጠናነው። በዩኒቨርሲቲም ይኸው ቁጥር በፈተና መጣልኝና በትክክል መልሼ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ቁጥሩን ማን እንደ ለካው ግን እኔም አልጠየቅሁ፤ ከጓደኞቼም የጠየቀ አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ዘግይቶ የመጣ ጥያቄ ማንሣት ነው።

በ1892 ዓ.ም. አካባቢ፥ ማለት በአጤ ምኒልክ ዘመን፥ የአገሪቱን ደን ለመለካት የሚያስችል መሣሪያ አልነበረም። የራይት ወንድማማቾች አይሮፕላን እንኳ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። የደን ቆጠራ አልተደረገም፤ ቀያሽም ከቆላ እስከ ደጋ አልዞረም። ስለ አገራችን ደን በሙያው የሠለጠኑ ሰዎች ሰፋ አድርገው መጻፍ የጀመሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ሎገን ስለ መካከለኛውና ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ ደኖች ያዘጋጀው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1946 ታተመ፤ ብራይተንባክም በ1961 ስለ ኢትዮጵያ ደኖች፥ ከዚያም ስለ አገር በቀል ዛፎች ጻፈ። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች የቦታውን ከፍታና የዝናቡን መጠን አይተው «እዚህ ጽድ ይበቅላል፤ እዚህ ዝግባ ይስማማዋል» ለማለት ይችላሉ። ይህ ጥሩ ዕውቀት ነው። ነገር ግን «ሊበቅል ይችላል» የሚለው «በቅሎ ነበር» ወደሚል ሲለወጥ፥ ያውም በተወሰነ ዓመት ላይ ሲቸነከር፥ ግምቱ ሳይታወቅ ታሪክ ይሆናል። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጽሑፍ ይህን የአርባ ከመቶ ትረካ በብርቱ ነቅፎታል። በበኩሌ ነቀፋው ተገቢ ነው እላለሁ፤ ምክንያቴን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ የጽሑፍ ምስክር አለ። በአጤ ልብነ ድንግል ዘመን፥ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፥ ብዙ የታረሰ ሜዳና ዛፍ የማይታይበት አገር እንዳለፈ ጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ደን መመንጠርና ስለ ዛፍ ተከላ ታሪክ ባሳተመው ጥናት እንደዚህ ያሉ ምስክሮችን ሰብስቧል። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት ማገዶ ቸግሯት፥ አጤ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደ ነበር የታወቀ ነው። ከተማይቱን በቦታዋ ካጸኑት ነገሮች አንዱ በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። እንግዲህ ቁጥሩ ደን ሞልቶ ነበር በሚልበት በዚያው ዘመን፥ የመናገሻው ከተማ ሰው እንጨት ፍለጋ ሩቅ ይሄድ ነበር። በእርግጥ አንድ ከተማ አገር ሁሉ አይደለም። ይህን ስለማውቅ ከዚህ የጠለቀ ማስረጃ ፈለግሁ።

ያገኘሁትም በወሎ ሐይቆች ጭቃ ውስጥ ነው። የዛፍና የሣር ብናኝ በነፋስ ተወስዶ በሐይቅ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያም ወደ ወለሉ ሰጥሞ በየዓመቱ በደለል ይሸፈናል። ጭቃው በረጅም ቱቦ ተቆፍሮ ሲወጣ የታችኛው ጥንታዊ፥ የላይኛው የቅርብ ይሆናል። የብናኙን ቅርጽ በአጉሊ መነጽር የሚያውቅ ሰው የትኛው ተክል በየትኛው ዘመን እንደ በዛ ያነብበዋል። ዳርቢሻየር፥ ላምብና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር የሐይቅንና የሐርድቦን ጭቃ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳተሙ። እንደ እነርሱ ጥናት በዚያ አካባቢ የነበረው የዝግባና የጽድ ደን የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ ነው። በቦታው ክትክታና ሣር ተተክተው ወደ 1800 ዓመት ያህል ቆዩ። ከዚያ በኋላ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ድረስ ጽድ ወይራን አስከትሎ ተመለሰ፤ ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ እንደገና ተጨፈጨፈ፤ አፈሩም ታጠበ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጀመሪያ የመጣልኝ አሳብ የግራኝ አሕመድ ጦርነት ሕዝቡን ስለ በተነው እርሻው ጠፍ ሆኖ ደን በቀለበት የሚል ነበር። ግን ዓመቱ አይገጥምም። ደኑ መመለስ የጀመረው ጦርነቱ ከመነሣቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ጦርነቱ አግዞት ይሆናል እንጂ አልጀመረውም። ለማንኛውም፥ 40፥ 16፥ 3 ተብሎ እንደ ደረጃ ወደ ታች ብቻ የሚወርደው ታሪክ ለወሎ አይሠራም። የወሎ ደን ወርዶ፥ ወጥቶ፥ ደግሞ ወርዷል።

ስለ ትግራይም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ ነበር። ቤልጅጋዊው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመት በኋላ በእነዚያው ቦታዎች ቆመው ፎቶግራፍ አነሡና ሁለቱን አስተያዩ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤታቸው፥ በጥናቱ ጊዜ የነበረው ዛፍና ቍጥቋጦ በ1860 ዓ.ም. ከነበረው የተሻለ መሆኑን ያሳያል። ከዚያ ወዲህ በነበረው ጦርነት የደረሰው ጉዳት ሌላ ጥናት ይፈልጋል።

የታችኛውም ቁጥር ቢሆን የጸና አይደለም። ከመቶ ሦስት እጅ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ረዣዥም ዛፍ ያለበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት ለደን አዲስ ትርጓሜ ሰጠ፤ ስፋቱ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር፥ የዛፎቹ ቁመት ቢያንስ 2 ሜትር፥ ጥላቸውም ከመሬቱ ቢያንስ ከመቶ ሃያውን እጅ የሚሸፍን ሁሉ ደን ይባላል። በዚህ ትርጓሜ የአገሪቱ ደን ከመቶ 15.5 እጅ ሆነ። የዓለም እርሻና ምግብ ድርጅት ግን 5 ሜትር ቁመትና ከመቶ ዐሥር እጅ ጥላ ይጠይቃል። አንድ ችግኝ ሳይጨመር ቁጥሩ አምስት እጥፍ ሊያድግ ይችላል ማለት ነው። ያለፈውን በአንድ መስፈሪያ፥ የዛሬውን በሌላ መስፈር ደግሞ ለነጋዴም አይፈቀድም።

አንባቢው «ቁጥሩ ቢሳሳት ምን ይጎዳል? ሰው ዛፍ እንዲተክል ካነሣሣ ይበቃል» ይል ይሆናል። እኔም ለጥቂት ጊዜ እንዲሁ አስቤ ነበር። ነገር ግን ቁጥሩ ባለዕዳ ይፈልጋል። በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ያ ሁሉ ደን ከጠፋ ያጠፋው ገበሬው ነው ይባላል፤ ደኑም ከገበሬው መጠበቅ አለበት ወደሚል ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1965 የመንግሥትን፥ የግልንና የመከላከያን ደን የሚመለከቱ ሦስት ዐዋጆች ወጡ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ደግሞ የነበረውን የባለቤትነት ሥርዓት አፈረሰው። ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት ገበሬው በዘመቻና በምግብ ለሥራ እየወጣ ብዙ ኮረብታ አለበሰ፤ ማን እንደሚቆርጠው ግን በግልጽ አልተነገረውም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ የተከለውን ራሱ ቆረጠው። በወንዶ ገነት የደን ባለሙያዎች ማሠልጠኛ በስዊድን ርዳታ የተከፈተውም እ.ኤ.አ. በ1978፥ ይህ ሁሉ በሚሠራበት ዘመን ነው። እኛም ዛሬ ያንኑ ሙያ ተምረን ወደ ገበሬው ዘንድ እንሄዳለን፤ ወንጀለኛ ነው ብለን ከሄድን የሚያውቀውን አይነግረንም።

ይህን ስል ደን አልጠፋም ማለቴ እንዳይመስል። በከፋ፥ በሸካ፥ በኢሉባቦርና በባሌ ያለው እርጥብ ደን በእርሻ፥ በቡናና በሻይ ልማት፥ በሰፈራም ምክንያት በእኛ ዘመን እየሳሳ ነው፤ ይህም ጥርጥር የለበትም። አንዱን ቁጥር በመላው አገር ላይ ማልበሳችን እነዚህን ደኖች ከትግራይና ከወሎ ጋር ደባልቆ፥ ዛሬ በእርግጥ የሚጠፋውን ከዐይናችን ሰወረብን።

ስለዚህ የአገሩን ታሪክ በየወረዳው መጠየቅ ይሻላል። መነሻ የሚሆን የቦታ ስም አለ። በአገው ምድር ያለችው እንጅባራ የቀድሞ ስሟ ኮሶ በር ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች የኮሶ ዛፍ አይተው መሆን አለበት። ከዚያው ከእንጅባራ አጠገብ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች፥ ዘመቻ ሳያስገድዳቸው፥ የእህል ማሳቸውን ዴከረንስ በሚሉት ግራር መሰል ዛፍ ተክለው፥ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ፤ በቦታው እህል ይዘሩና እንደገና ይተክላሉ። የወረዳው የዛፍ ሽፋን በዚህ ጨምሯል፤ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶበታል። ይህ ደን ይባል ወይስ እርሻ፥ በክፍል ውስጥ ተከራክረንበት አልተስማማንም።