በገና ይዞ መኖር፦ የመምህር ዓለሙ አጋ የሙያ ጉዞ

ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል የሰሜንን ተራሮች ያቋረጠ መንገደኛ መካነ ብርሃን ይደርሳል። የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ፣ የእኔም ማደጊያ ናት። ልጅ ሳለሁ የማውቃቸው ባለ አውታር መሣሪያዎች ሁለት ነበሩ፤ ማሲንቆ የአዝማሪ፣ ክራር የጎረምሳ። በገናን ያየሁት በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በንጉሥ ዳዊት እጅ ተሥሎ ነው። ድምፁን የሰማሁት ደግሞ በአንድ የዐቢይ ጾም ምሽት ከአጎቴ ሬዲዮ ሲሆን፣ ሬዲዮኑ የተበላሸ መሰለን። አጎቴ ባትሪዎቹን አውጥተው በጨርቅ ወልውለው መለሷቸው። ያ የሚነዝረው፣ ንብ የገባበት የሚመስለው ድምፅ ግን ያው ነው።

ኋላ እንደተረዳሁት ንዝረቱ የመሣሪያው ዋና ጠባይ ነው። በገና ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፣ ሁለት ምሰሶ፣ ከላይ የሚያገናኛቸው ቀንበር፣ ከታች ደግሞ በቆዳ የተለበጠ ገበቴ አለው። አሥሩ አውታሮች በባህሉ የሚሠሩት ከበግ አንጀት ነው። አውታሮቹ በርኩማው ላይ በሚያርፉበት ቦታ እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ከሥራቸው ይገባሉ። አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካካ ይነዝራል። እንዚራው ቦታውን በጥቂት ከሳተ ድምፁ ደረቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ደርዳሪው ከመቃኛው ባልተናነሰ ከዚህች ቁራጭ ቆዳ ጋር ይታገላል። ከአሥሩ አውታሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚመቱት አምስት ወይም ስድስቱ ናቸው፤ ሌሎቹ ለጣት ማሳረፊያ ያገለግላሉ።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ አዲስ አበባ የሚኖርና ክላሲካል ጊታር የሚለማመድ ወዳጄ ነው። «በእኛ አገር ብቻውን ተቀምጦ፣ ያለ ባንድና ያለ ጭፈራ፣ በጣቱ ብቻ እየመታ ሰውን ጸጥ የሚያሰኝ ሙያተኛ አለ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ሳልውል ሳላድር የሰጠሁት መልስ «ዓለሙ አጋ» የሚል ነበር።

መምህር ዓለሙ አጋ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1950 አዲስ አበባ ዳር እንጦጦ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉ የበገና ሊቅ ለቤተሰባቸው ጎረቤት ሆነው መጡ። አለቃ ተሰማ ዓለሙ በሚማሩበት ትምህርት ቤትም ያስተምሩ ነበርና ልጁ ከእሳቸው እግር ሥር ቁጭ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያሻል። በገና በኖታ ተጽፎ የቆየ ሙያ አይደለም፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከጆሮ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ነው። አለቃ ተሰማ ሌላ ሰፈር ቤት ቢይዙ ኖሮ የምንነጋገርበት ሰው ምናልባት የጂኦግራፊ መምህር ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ዓለሙ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ጂኦግራፊ ነውና።

በኋላ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለሰባት ዓመት በገና አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 የሙዚቃ ተመራማሪዋ ሲንቲያ ትሴ ኪምበርሊን ለዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብ ድምፃቸውን ቀዳች። ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ለሆነው ወጣት ቀላል ነገር አልነበረም።

ትምህርት ቤቱ በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ያሬድ በትውፊታችን መጨረሻውን ያደረገው በእኛው በሰሜን ተራሮች ነው። የበገና ነገር ከሰሜን ጋር የሚገናኘው በዚህ ብቻ አይደለም። በገና በጥንቱ ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መሣሪያ ነበር። በደርዳሪነታቸው የሚታወቁት እቴጌ ጣይቱ ብጡል የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የወንድም ልጅ ናቸው። ውቤ ያሠሯት ደረስጌ ማርያም የምትገኘው በጃናሞራ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ውቤን ድል አድርገው ዘውድ የጫኑት በእሷው ነው። እሳቸውም በገና ደርዳሪ እንደነበሩ ይነገራል። ታዲያ በልጅነቴ እዚያው አገር በገናን በሥዕል ብቻ ማየቴ ዛሬም ይገርመኛል። ለዘመናት በመኳንንት አዳራሽ የኖረ መሣሪያ አዳራሹ ሲፈርስ ብዙ መጠጊያ አይኖረውም።

ወደ ወዳጄ ጊታር ልመለስ። ስፔናዊው አንድሬስ ሴጎቪያ (1893–1987) ብዙዎች የመጠጥ ቤትና የጎዳና መሣሪያ አድርገው ያዩት የነበረውን ጊታር ወደ ታላላቅ የኮንሰርት አዳራሾች አስገብቷል። አቀናባሪዎች ጻፉለት፣ ሸክላ አሳተመ፣ ቲኬት ተሸጠለት። በ1940ዎቹም የአንጀት አውታር በናይለን እንዲተካ ከአውታር ሠሪው ከአልበርት ኦገስቲን ጋር አብሮ ሠርቷል። የበገና ችግር የተገላቢጦሽ ነው፤ ክብር አላጣም፤ ያጣው ገበያ ነው። በገና ለሠርግና ለዳንኪራ አይወጣም። የሚደረደረው ለጸሎት፣ ስለ ሞትና ስለ ዓለም ከንቱነት ለማሰብ ነው፤ ወቅቱም በተለይ ዐቢይ ጾም ነው። በሌላ በኩል ቅዳሴና ማኅሌት ውስጥም አይገባም፤ እዚያ ያሉት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው። ስለዚህ ደርዳሪው ከቤተ ክርስቲያን ደመወዝ፣ ከመሸታ ቤትም ሽልማት የለውም። ሙያውን ጠብቆ እንጀራ የሚበላበት ቦታ ቢኖር ሁለት ነበር፦ ትምህርት ቤትና ሬዲዮ።

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ሁለቱም ተዘጉ። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በነበረው ፀረ ሃይማኖት አቋም በገና ከሬዲዮ ወረደ፤ በያሬድ ትምህርት ቤትም የበገና ትምህርት ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለሙ አጋ ትምህርት ቤቱን ለቀው ፒያሳ ውስጥ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ከፈቱ። በእኔ አስተያየት ከታሪካቸው ሁሉ ትልቁ ክፍል ይህ ነው። ዩኔስኮ የቀዳቸው ሊቅ ከሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ቆመው ዕቃ ሲሸጡ የሚያሳፍር ነገር የለም፤ ይልቁንም ሙያውን ያቆየው ሱቁ ነው እላለሁ። እንጀራው ከሌላ ቦታ ሲገኝ በገናው ለማንም ደጅ ሳይጠና፣ መዝሙሩም ሳይለወጥ ቆየ። ግን ሒሳቡን በሌላ በኩልም ማስላት ይገባል፦ በትምህርት ቤት ያልተማሩ፣ በሬዲዮ ያልሰሙ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል የወጡ ልጆች አሉ። በእጅና በጆሮ ብቻ ለሚተላለፍ ሙያ ይህ የአንድ ትውልድ ክፍተት ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በገና እንደገና በአደባባይ ተሰማ፤ መምህር ዓለሙም ወደ መድረክ ተመለሱ። በውጭ አገር መድረኮች ደረደሩ። «የንጉሥ ዳዊት በገና» የተሰኘው ሥራቸው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበም 11ኛ ሆኖ ወጥቷል። ተከታታዩን በባንዶችና በጃዝ ለሚያውቁ የውጭ አድማጮች አንድ ሰውና አንድ በገና ብቻ ሲገጥማቸው ምን እንደተሰማቸው ማሰብ ደስ ይለኛል። የእኛን ሰው ግን ወደ በገና የመለሰው ካሴት ነው። ሶስና ገብረ ኢየሱስን የመሳሰሉ ሴት ደርዳሪዎችም በካሴት ተሰሙ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቶች በማታ ክፍል መማር ጀመሩ። አንዳንዶች የአንጀቱን አውታር በናይለን ተክተዋል። አዋቂዎች ያጉረመርሙ እንጂ ናይለን በእርጥበት አይላላም፣ ቶሎም አይበጠስም። እኔ በዚህ ክርክር ከማንም አልወግንም።

እኔም ዘግይቼ ለራሴ አንድ በገና ገዛሁ። አንድ የዐቢይ ጾም ወቅት ይዤው ወደ አገሬ ስሄድ ደባርቅ ላይ የመኪናው ረዳት «ይሄ የምን ዕቃ ነው? ይከፈልበታል» አለኝ፤ ከፈልኩ። ማታ መካነ ብርሃን አጎቴ ቤት ስቃኘው ብርዱ አውታሩን እያላላ ግማሽ ሰዓት አስለፋኝ። በመጨረሻ አንዱን ዜማ እንደ ነገሩ ጀመርኩ። አጎቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ «አንተ ልጅ፣ ያን ጊዜ ሬዲዮኑ ውስጥ የነበረው ይሄ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አጎቴ» አልኳቸው።

«እኔን! ባትሪዎቹን በከንቱ ነዋ የወቀስኳቸው» አሉና ቀጥል በሚል እጃቸውን አወዛወዙ።